ካርዱ ላይ ያለችው ሴት

ሰው በዓይኑ ያያል የሚል ሰው የሱዳኗ ገዳሪፍ ላይ ደመና አልገጠመውም። ሰሊጡ ታጭዶ ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ አንዲት ብጣሽ ደመና ብቅ ትበል። ባለሰሊጡ መርዶ ይታየዋል። ከብት አርቢው ሣር ይታየዋል። ከጎንደር ቆላ ለአጨዳ የመጣው ሠራተኛ ደግሞ፣ እሱስ ምን ያድርግ፣ የዕረፍት ቀን ይታየዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ይህን ከመጻሕፍት ተምሬዋለሁ ብዬ ስኩራራ ኖርኩ። ያስተማረኝ ግን የስደተኛ ካርድ ነው።

ፎቶውን የተነሳሁት ከጎንደር የመጣሁ ሰሞን ነው። ጽሑፉን ላብ በልቶታል። ከመልኬ የቀረውም ጥላ ነው፤ ሁለት ጉድጓድ፣ መሐላቸው አፍንጫ መሳይ ነገር። ቢሆንም አንድም ወታደር ተጠራጥሮኝ አያውቅም ነበር። የሚፈልገው አንዲት ሐበሻ አሮጊት ነው። ካርዱም ላይ አለች፣ አውቶቡሱም ላይ አለች። ትለፍ!

ባለፈው ወር ከሰላ ከተማ ያለችው ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ ያዛት። ካርዴን ከሻንጣዬ መንጭቄ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ከጦርነቱ ወዲህ ፍተሻው በዝቷል። አንዱ ጋ ስንደርስ አንድ ለግላጋ ወታደር ካርዴን አየ። እኔን አየ። ደግሞ ካርዱን አየ።

«ሐቡባ» አለኝ፤ አያቴ ማለቱ ነው። «ይህቺ አንቺ አይደለሽም። አንገቷ ላይ ንቅሳት አለ። ያንቺስ የታለ?»

ንቅሳት! አንገቴን መርፌ ነክቶት አያውቅም። ካርዱ የተሸፈነበት ላስቲክ ስንጥቅ ነው አልኩት። ውረጂ አለኝ። ልጄ እዚያ ታምጣለች፣ እኔ እዚህ ስለ አንገት እከራከራለሁ!

አውቶቡሱ በሙሉ ተነሳልኝ። ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዷ ሻይ ሻጭ «ወላሂ እሷ ናት፣ ግንባሯን አታይም?» ብላ ማለች። አንድ ከዶካ ከተማ የተሳፈረ ነጋዴ አፍንጫዬን ፎቶው ላይ አገኘው። አንዲት እናት ደግሞ ንቅሳት በእርጅና እንደሚጠፋ፣ የአክስቷም እንደጠፋ መሰከረች። አይ አክስት! እኔም ስንጥቁን ትቼ በልጅነቴ ተነቅሼ ነበር አልኩ። ምን ላድርግ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ወታደሩ ሃያ ሰው ያየውን እንዴት እሱ ብቻ ያጣዋል? ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ እንደገና አየ። አገኘኝ።

«ማዕሌሽ ሐቡባ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም ዝም ብዬ አላለፍኩትም፣ ዓይንህን ታከም አልኩት።

ከሰላ ስደርስ ልጄ በሰላም ተገላግላለች። በማግስቱ የገዳሪፏ ጎረቤቴ ትርንጎ ደወለች።

«አንቺ ቀልበ ቢስ! ካርዴን ይዘሽብኝ ሄድሽ?»

ያበድሽው አንቺ ነሽ አልኳት።

«ጀርባው ላይ የልጅሽ ስልክ የተጻፈበት እኔ ጋ ነው እኮ!»

ካርዱን ገልብጬ አየሁት። ምንም አልተጻፈበትም። ለካ ከመንገዴ በፊት በነበረው ሳምንት ሁለታችን ካርዳችንን ለምዝገባ አንድ ላይ ሰጥተን ስንቀበል ተለዋውጠናል። የትርንጎን አንገት ደግሞ አገር ያውቀዋል፤ በሦስት ረድፍ የተነቀሰ ነው። ፎቶውን መስኮት ሥር ወስጄ ደግሜ አየሁት። እውነቱን ልንገራችሁ? አሁንም የምትታየኝ እኔ ነኝ።

ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ የሚያይ ተገኘ፤ እሱንም ተረባርበን አሳወርነው። ነገ ተመላሽ ነኝ፤ መንገዱም ያው፣ ካርዱም ያው። ያ ልጅ ተረኛ ሆኖ እንዳይጠብቀኝ ስለት ገብቻለሁ። ዓይን ያለው ወታደር ለጠላቴ!