ለሐኪም የተነገረ «ተመስገን»

እኛ የጎጃም ሰዎች ሕመም መናገር ፈጣሪን መክሰስ ይመስለናል መሰለኝ። እግራችን ተሰብሮ እንኳ «እንዴት ዋላችሁ?» ስንባል፣ «ተመስገን፣ ደህና» ብለን ነው ከዘራችንን የምንፈልገው። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለውንም የተረትነው እኛው ነን። ለጎረቤት ነው የተረትነው።

አክስቴ የሻረግ ቡሬ አጠገብ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው የሚኖሩት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ባለፈው ክረምት ትንፋሽ እያጠራቸው መሆኑን ከጎረቤት ሰማሁና ፍኖተ ሰላም፣ እኔ ቤት አመጣኋቸው። አንድ ክሊኒክም ወሰድኳቸው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ኮምፒዩተሯ ላይ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት አለ። ምልክቱን ሲነግሩት «ይህ በሽታ ሊሆን ይችላል» እያለ ይጠቁማታል። አክስቴ «ኧረ ትንሽ ብርድ ናት» አሉ፤ የብርድ መድኃኒት ታዘዘላቸው።

ከሳምንት በኋላ ሐኪሟ ራሷ ደወለች።

«እማማ፣ መድኃኒቱ እንዴት አደረገዎት?»

«ተመስገን ልጄ፣ ደህና ነኝ። አንቺስ? እናትሽስ ደህና ናቸው?»

ይህን የሚሉት ትራስ ቆልለው፣ ግድግዳ ተደግፈው ነው። ያደሩትም እንደዚያው ተቀምጠው ነበር። አላስቻለኝም፤ ስልኩን ተቀበልኳቸው።

«ዶክተር፣ ደህና አይደሉም። ጋደም ሲሉ ያፍናቸዋል።»

ሐኪሟ ስልኩን መልሼ እንድሰጣቸው ጠየቀችኝ።

«እማማ፣ እርስዎ ደህና ነኝ ሲሉኝ መድኃኒቱ ሠርቷል ብዬ ለኮምፒዩተሩ እነግረዋለሁ። እሱ ደግሞ የነገሩትን ያምናል። ነገ እንደ እርስዎ የታመመች እናት ስትመጣ ያንኑ ይመክረኛል፤ እኔም እሳሳታለሁ።»

የራሳቸው ሕመም ያላስደነገጣቸው ሴት፣ ለማያውቋት እናት ደነገጡ።

«ኧረ በእኔ ጦስ ሰው አይጎዳ!»

ከዚያማ ምኑ ቅጡ! እግራቸው ሲመሽ እንደሚያብጥ፣ ልባቸው እየዘለለ እንደሚያስጨንቃቸው፣ ውኃ ለመቅዳት ወርደው ሲመለሱ መንገድ ላይ እየተቀመጡ እንደሚያርፉ፣ ለእኔ ለልጃቸው ያልነገሩኝን ሁሉ ተናገሩ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

«ዛሬውኑ ይምጡልኝ» አለች ሐኪሟ።

ክሊኒኩ ስንደርስ ኮምፒዩተሩ አዲሱ ምልክት ሲነገረው ልባቸው እንዲታይ ጠቆመ፤ ራጅ ተነሥተው ሲታይም የልብ ድካም ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ እጃቸውን ይዛ፣ «እንዴት እንደሚተኙ አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ» አለች። «የለም፣ እኔ ነኝ መንገር የነበረብኝ» አሉ አክስቴ። ሁለቱ ጥፋቱን ሲሻሙ እኔ መሐል ቆሜ አያቸው ነበር። እንዲህ ያለ ሽሚያ በየቢሮው ቢኖረን፣ አስቡት እስቲ!

መድኃኒቱ በጃቸው። እብጠቱ ጎደለ፣ እንቅልፋቸውም ተመለሰ፤ እሳቸውም ወደ ቀበሌያቸው ገቡ። ባለፈው እሑድ አገራቸው ሄጄ ዳገቱን አብረን ወጣን፤ ቀስ እያሉ፣ ግን ሳይቀመጡ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ደረሱ። እኔ ከኋላ እያለከለክሁ ደረስኩ። ዞር ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንተን ደግሞ ምን ነካህ?»

«ምንም።»

አላመኑኝም። ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ለሐኪሟ ደወሉላት።