ለውጭ አገር የሚበቃ ፈገግታ

የሰው ልጅ ሰውንና ሥራን በማገናኘት ረገድ የደረሰበትን የሥልጣኔ ከፍታ በዓይኑ ማየት የሚሻ ሁሉ፣ ከጫማ መደብሩ ጎን ያለውን ጠባብ ደረጃ ይውጣ። እላይ «የውጭ አገር የእንግሊዝኛ መምህራን ቅጥር አመቻች ድርጅት» የሚል የመስታወት በር ያገኛል። ከበሩ ወዲያ አንድ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ አንዲት ጸሐፊና አንድ የዓለም ካርታ አሉ። ከሦስቱ እንግሊዝኛ ያለው ካርታው ላይ ብቻ ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ካለ ተሳስቷል፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ ደጋግመው እንዳብራሩት፣ የኳስ ዳኛ ግብ እንዲያገባ አይጠበቅበትም።

ይህን ደረጃ አንድ ቀን አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ወጣ። ፊቱ ሲፈታ ያየ ስለሌለ ተማሪዎቹ «ደመናው» ይሉታል። ሰዋስውን ያለ አንዳች ርኅራኄ ያስተምራል። ታዲያ ሰውየውን አንድ ነገር ሲያንገበግበው ኖሯል፤ ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምር በእንግሊዝኛ ያወራው ሰው የለም። ክፍሉ «ጉድ ሞርኒንግ» ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ጭጭ ነው። ይጠይቃል፣ ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ይናገራል። ውጭ አገር ሄዶ አንድ ሰው እንኳ ለጥያቄው በእንግሊዝኛ ቢመልስለት፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ ብሎ ቆርጧል።

«እስቲ ትንሽ ይናገሩ» አሉት ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ ወንበራቸው ላይ ለጠጥ ብለው።

ስለ ትምህርት ጥቅም በእንግሊዝኛ ተናገረ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ጸሐፊዋም ጥፍሯን እየሞረደች በስምምነት ራሷን ነቀነቀች።

«ድንቅ ነው። አንድም ቃል አልገባኝም። እንደዚህ ነው የሚፈለገው» አሉ። «ግን መምህር፣ ፊትዎ።»

«ፊቴ ምን ሆነ?»

«ሰው ሞቶብዎታል?»

«ኧረ የለም።»

«እንግዲያው ለምን እንዲህ ያደርጉታል? የሚቀጥረው ትምህርት ቤት እኮ የሕፃናት ነው። በወጣው መስፈርት መሠረት የአመልካች ብቃት የሚመዘነው በፈገግታ፣ በጭብጨባና በዝላይ ነው። ቪዲዮ ቀርጸው ያመጣሉ፣ እኛ እንልካለን።»

«ሰዋስውስ?»

«ቪዲዮውን የሚያዩት ድምፁን አጥፍተው ነው። አመልካቹ ብዙ ነው፤ ሁሉም ሲለፈልፍ ራስ ያዞራል።»

መምህሩ ቅስሙ ቢሰበርም ተስፋ አልቆረጠም። ቤቱ ገብቶ መስታወት ፊት ቆመ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አንተ፣ ጥርስህን አሞሃል እንዴ?»

«ፈገግ እያልኩ ነው።»

«በሞቴ ተወው። የሰው ልጆች ታስለቅሳለህ።»

በማግስቱ ቀረጻው ተጀመረ። ሚስቱ ስልኩን የስፌት መኪናው ላይ ስታስደግፍ፣ እሱ ከካርቶን የተሠራ ፖም ይዞ መጋረጃው ፊት ቆመ። ዝለል አለችው፤ አንድ እግሩን ብቻ አነሣ። አጨብጭብ አለችው፤ ፖሙን ምን እንደሚያደርገው ግራ ገባው። ሴትየዋ በሳቅ ፍርስ አለች። «ወዲያ፣ እንዲህ ነው የሚዘለለው» ብላ ከፊቱ ገብታ እያጨበጨበች ዘለለች፣ ዘለለችና የጨርቅ ክምሯ ላይ ዘጭ አለች። እዚያው ተንጋልላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱ ከኋላዋ ፖሙን እንደያዘ፣ ፊቱን እንደቋጠረ ቀረ።

ቪዲዮውን ለድርጅቱ ሲያስረክብ፣ ጸሐፊዋ ሚስቱ የታየችበትን ክፍል ቆርጣ ልታወጣ ቃል ገባች። ነገር ግን የጥፍር ሥራ ሰው ያዘናጋል።

ብዙም ሳይቆይ ዋና ሥራ አስኪያጁ በአካል ቤቱ ድረስ መጡ። «የትምህርት ቤቱ የቅጥር ኮሚቴ በሙሉ ድምፅ ወስኗል፤ እንኳን ደስ አላችሁ» አሉ። መምህሩ ጉሮሮውን ጠርጎ እጁን ዘረጋ። እሳቸው አልፈውት የሚስቱን እጅ ጨበጡ።

«እትዬ፣ ተቀጥረዋል።»

«እኔ? እንግሊዝኛ እኮ አልችልም።»

«ሕፃናቱስ መቼ ይችላሉ? በምን ትጣላላችሁ?»

«እኔስ?» አለ መምህሩ፣ ድምፁ እየሰለለ።

«እርስዎንም በሚገባ አስተውለዋል። ከኋላ የቆመው አስፈሪ ሰውዬ አብሮ ይምጣ፤ ለበሩ ጥበቃ እንፈልጋለን ብለዋል።»

ሆድ ባሰው። ግን በር ላይም ቢሆን ሰው ያልፋል፣ ሰው ካለፈ ደግሞ ይመልሳል ብሎ ራሱን አጽናና። ሄዱ። ከመንገዱ በፊት ሚስቱን ሰዋስው ከሥሩ ሊያስተምራት ሞክሮ ነበር፤ እሷ «የሚያስፈልገኝን ብቻ ንገረኝ» ብላ «ስማይል»፣ «ክላፕ» እና «ጃምፕ»ን ይዛ ሄደች።

የበር ጥበቃው መምህር ጠዋት ጠዋት የሕፃናቱን ወላጆች በጠራ እንግሊዝኛ «ዝናብ የሚመጣ አይመስላችሁም?» እያለ መጠየቅ ጀመረ። እነሱ አንገታቸውን ደፋ አድርገው ያልፋሉ። አንድም የመለሰ የለም። ያ አገር የእንግሊዝኛ መምህር ከሩቅ የሚያስመጣው እንግሊዝኛ ስለሌለው መሆኑ፣ ዕድሜውን በሰዋስው ለጨረሰ ሰው ታይቶት አያውቅም ነበር።

አንድ ጠዋት ግን ሚስቱ ሕፃናቱን አሰልፋ በበሩ ስታልፍ፣ ተስፋ ቆርጦ «ሃው አር ዩ ቱዴይ?» አላቸው። ከሁሉም የምታንሰው ልጅ ቆም ብላ የተቋጠረ ፊቱን አንጋጣ አየችና፣

«ስማይል» አለችው።

የቀሩትም ተቀብለው «ክላፕ፣ ጃምፕ» እያሉ ዙሪያውን ዘለሉ። ጥያቄውና መልሱ አይገናኝም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዘው ነበር። አሁን ግን እንግሊዝኛ ነው፣ ለእሱ ነው የተባለው። ደመናው ቆቡን አውልቆ ዘለለ፤ በሁለት እግሩ። ከዚያ ወዲህ ፊቱ ተመልሶ አልተቋጠረም።

ትምህርት ቤቱ ለድርጅቱ በስልክ ጥብቅ ቅሬታ አሰማ፦ የጥበቃ ሠራተኛው ከልክ በላይ ፈገግ ስለሚል መንገደኛው ሁሉ እየደፈረ ይገባል፤ ሰውየው ለጊዜው ወደ ሚስቱ ረዳትነት ዝቅ ስለተደረገ ተተኪ በአስቸኳይ ይላክ። ዋና ሥራ አስኪያጁም የሙያው ሥነ ምግባር የሚጠይቀውን ሁሉ ፈጽመዋል። አሁን የመስታወቱ በር ላይ «ፊቱ የማይፈታ የእንግሊዝኛ መምህር እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ አመልካቹም እስከ ጫማ መደብሩ ተሰልፏል።