ሰማንያ ሁለት ያገኘችው ልጅ ቅሬታ

መምህር ባትሆኑ እንኳ መቼም ተማሪ ነበራችሁ፤ ስለዚህ የውጤት ቅሬታ ምን እንደሚመስል አትረሱትም። ተማሪው ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፣ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ «ቲቸር፣ እዚች ጋ ግማሽ ማርክ ቀርታብኛለች» ይላል። ሰው በጎደለበት ይሟገታል እንጂ በተረፈው ማን ይከራከራል? በአሥራ አንድ ዓመት የሂሳብ አስተማሪነቴ «በዛብኝ፣ ቀንሱልኝ» ብሎ የመጣ አላየሁም ነበር። ሀዋ እስክትመጣ ድረስ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ወይም የሥልጠናው። እስካሁን አልለየልኝም። አሶሳ ከተማ ሦስት ቀን ሰብስበው፣ ተማሪዎች የትምህርታቸውን ግብ ራሳቸው እንዲያወጡ፣ መድረስ አለመድረሳቸውንም ራሳቸው እንዲከታተሉ አስተምሩ አሉን። እኔ እንኳን የሌላ ሰው ግብ ላወጣ የራሴንም አላውቀው፤ አባቴ በሰፈራ ዘመን ከወሎ ወደ ባምባሲ አምጥተውት እንደቀረ ሁሉ፣ እኔም ተመድቤ የመጣሁበት ሥራ ላይ ቀርቻለሁ። ቢሆንም ታዘዝኩና ሰባተኛ ክፍሎቼን «ግባችሁን ጻፉ» አልኳቸው። አንዱ «ጉባ ሄጄ የግድቡ መሐንዲስ መሆን» አለ። ሌላው «በሳምንት ሦስት ግብ ማግባት» ብሎ ጻፈ። ኳስ ተጫዋች ነው፤ ምኑን አርመዋለሁ? «የለም የለም፣ በየሳምንቱ እዚህ ደረስኩ የምትሉት ትንሽ ነገር ይሁን» ብዬ እንደገና አስጻፍኳቸው።

ሀዋ ዝምተኛ ልጅ ናት። ቤቷ የሚነገረው የበርታ ቋንቋ ነው፤ አማርኛን ትምህርት ቤት ስላገኘችው እንደኛ አታባክነውም። «ክፍልፋይ መደመርን ለእህቴ ለዘሃራ ማስረዳት» ብላ ጻፈች። ከሥሩ በየሳምንቱ ክትትሏን ሞላች። «አልገባትም።» በሳምንቱ፣ «አልገባትም።» በሦስተኛው፣ «አልገባትም። ለካ እኔም አልገባኝም።» እኔ ሦስቱም ላይ ፈርሜአለሁ። አስተማሪ ሲፈርም መቼ ያነባል?

የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ደረሰና ሀዋ ሰማንያ ሁለት አመጣች። በማግስቱ ወረቀቷን ይዛ መጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ ውጤት ልክ አይደለም።»

ደግሜ ደመርኩት። «ልክ ነው እኮ ሀዋ።»

«እኔ አላውቀውም። እርስዎ ሰሌዳ ላይ የሠሩትን ነው የደገምኩት። ስንደምር የታችኛውን ቁጥር ለምንድን ነው የምናመሳስለው?»

አፌን ከፈትኩ። አፍ ሲከፈት ቃል ይወጣል ብዬ ነበር። «ሕጉ ነው» አልኩ በመጨረሻ።

«ለዘሃራም እንደሱ ስላት፣ ሕጉን ማን አወጣው ትለኛለች።»

ጉዳዩ ቀስ እያለ ገባኝ። ዘሃራ ታላቅ እህቷ ናት። አምስተኛ ክፍል ላይ ክፍልፋይ ሲመጣ «የኔ ጭንቅላት ለትምህርት አይሆንም» ብላ አቋርጣለች። አሁን ወደ መንጌ መውጫው መንገድ ዳር ማንጎና ሸንኮራ ትሸጣለች። መስከረም ላይ እንድትመለስ ሀዋ ስትለምናት፣ «መጀመሪያ እሱ ነገር ይግባኝ» ብላታለች። ልጅቷ እህቷን ልትመልስ ስትለፋ እኔ ሰማንያ ሁለት ሰጥቼ ሸኘኋት።

ርዕሰ መምህሩን ባማክረው «ቀንሱልኝ የሚል ቅሬታ የምንቀበልበት አሠራር የለንም» አለኝ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ፤ ከነበርኩበት ይልቅ ግራ ተጋብቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ዘሃራ የምትሸጥበት ሄድኩ። ሀዋ አጠገቧ ተቀምጣለች። አንድ ማንጎ አንስቼ «ይኸውላችሁ፣ እኩል ለሁለት ስንከፍለው» ብዬ ቢላውን ሰደድኩ። ፍሬው ያዘው። በጎን ሞከርኩ፤ ከዚያም ያዘው። እጄ እስከ ክርኔ ጭማቂ ሆነ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ማየት ጀመረ።

«መምህር፣ ማንጎ ተወው» አለች ዘሃራ። አንድ ሸንኮራ መዘዘችና በእጇ ለካችው፤ ስድስት ስንዝር። ግማሹና ሲሶው አንድ ላይ ስንት እንደሚሆን ጠየቅኩ፤ ሀዋ በበርታ አስረዳቻት። ዘሃራ በስንዝሯ እየለካች፣ እየቆረጠች መሬት ላይ ደረደረችው።

«ግማሽ ሦስት ስንዝር ነው። ሲሶ ሁለት ስንዝር ነው። አምስት ስንዝር ነው፣ ከስድስት።» ቀና ብላ አየችኝ። «ስንዝር ሁሉ አንድ ነው። ለዚህ ይደመራል።»

ሀዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የኔ ዓይን ሸንኮራው ላይ ቀረ። ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነገር አፈር ላይ ተጋድሞ አየሁት። ለካ የታችኛውን ቁጥር የምናመሳስለው በአንድ መለኪያ ለመለካት ነው!

ዘሃራ ድንገት በበርታ አንድ ነገር ተናገረች። ሳቅ ይሁን ቁጣ አልለየሁትም። ሀዋን «ምን አለች?» አልኳት።

«ለዚህ ነው እንዴ ትምህርት ያቋረጥኩት፣ ነው የምትለው።»

ዘሃራ ከዚያች ሸንኮራ አንዱን ቁራጭ ሰጠችኝ፤ ቆሜ መጠጥኩ። ይቅርታ ይሁን ቅጣት ዛሬም አላውቅም።

መስከረም ላይ ዘሃራ ተመዘገበች፤ ካቆመችበት፣ ከአምስተኛ። ከእሷ ያነሱ ልጆች መሃል ተቀምጣ እጇን እያነሳች «ለምን?» እንደምትል ሰምቻለሁ። የአምስተኛ ክፍል የሂሳብ መምህሩ ከስቷል ይላሉ። እኔ የማስተምረው ሰባተኛን ነው፤ እኔ ጋ እስክትደርስ ሁለት ዓመት አለኝ።

እያጠናሁ ነው።