እትዬ አትነሳ

በሽተኛ የተኛበት ቤት ሁሉ አንዲት እትዬ አለችው። ማንም አይጠራትም፤ ትመጣለች። ሐኪሙ መድኃኒት ያዛል፣ እሷ እረፍት ታዛለች። ሐኪም ሊሳሳት ይችላል፤ እሷ ግን ተሳስታ አታውቅም። ትራሱን ታስተካክላለች፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጭ ትስባለች፣ ጠያቂ ሲመጣ በሽተኛው ገና አፉን ሳይከፍት "ዛሬ ትንሽ ይሻለዋል" ብላ ትመልስለታለች። እናንተም ቤት ሳትኖር አልቀረችም። ካልነበረች ገና አልታመማችሁም ማለት ነው።

የዚህኛው ቤት እትዬ የአንድ ልብስ ሰፊ ታላቅ እህት ናቸው። ሰውየው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን የሚኖር፣ ከመቀሱና ከመርፌው በቀር ከማንም ጋር ብዙ የማያወራ ሰው ነበር። አንድ ቀን ኮት እየቆረጠ ሳለ ቀኝ እጁ መቀሱን ለቀቀ፤ ወዲያው ቀኝ እግሩ ደግሞ እሱን ለቀቀው። ስትሮክ ነው ተባለ። ሆስፒታል ሰንብቶ ቤቱ ሲመለስ እህቱ ሻንጣቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመው አገኛቸው። ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ለእሳቸው ግን ዛሬም "ይሄ ልጅ" ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤቱ ውስጥ አንድ ቃል ነገሠ። ውሃ ሲጠማው፣ "አትነሳ!" በር ሲንኳኳ፣ "አትነሳ!" ማስነጠስ መጥቶበት ትንሽ ቀና ሲልማ፣ "አትነሳ አልኩህ እኮ፣ አንተ ልጅ!" ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤቶች ቃሉን ከመስማት ብዛት ስም አደረጉትና ሴትየዋን እትዬ አትነሳ አሏቸው። እሳቸውም ሲሰሙ አልከፋቸውም። እንዲያውም የተሾሙ ያህል ደረታቸውን ነፍተው ነው የሰነበቱት።

ደግሞ ፍቅራቸው! እሱ ወደ ማንኪያው እጁን ሲዘረጋ የእሳቸው እጅ ቀድሞ ይደርሳል። ጥርሱን ይቦርሹለታል፣ ጸጉሩን ያበጥሩለታል፣ ሬዲዮውን እሱ በማይፈልገው ጣቢያ ላይ ያደርጉለታል። ሽንት ቤትም ቢሆን በብብቱ ሥር ገብተው፣ እየጎተቱ ይወስዱትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እዚያው ይቆማሉ። ሲሽኮረመም ይቆጡታል። "ምን ታፍራለህ? ጡት ከጣልክ ጀምሮ ያጠብኩህ እኔ አይደለሁ?" ልብስ ሰፊው ዓይኑን ይጨፍናል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ገላ ለክቶ ያለበሰ ሰው፣ የራሱን ገላ መሸፈን አቃተው።

ሆስፒታሉ ታዲያ ቤት ለቤት የምትሠራ ፊዚዮቴራፒስት ላከለት። እትዬ አትነሳ ቃሉን ደጋግመው ሞከሩት፤ አልተመቻቸውም። "ወጌሻ በሉኛ!" አሉና ተገላገሉ። ለወጌሻ የሚገባውን ሁሉ አሰናዱ፤ ቅባት አሞቁ፣ ፎጣ አጠፉ፣ ወንድማቸው ቢጮህ ለጎረቤት እንዳይሰማ መስኮቱን ዘጉ።

ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ጫማዋ ጠፍጣፋ። ስለ ቅባቱ አመስግና ወደ ጎን አደረገችው። ፎጣውን ጠቅልላ ከልብስ ሰፊው ጉልበት ሥር አስገባችና "ጋሼ፣ በጉልበትዎ ወደ ታች ይጫኑት" አለችው። ተጫነ። ላብ አጠመቀው። ፎጣው ግን ንቅንቅ አላለም።

"ማሸቱስ?" አሉ እትዬ፣ ቅባቱ እየቀዘቀዘባቸው።

"ማሸት ያፍታታል፣ ደስም ይላል፤ መራመድ ግን አያስተምርም፣ እማማ። የጋሼ ሕመም እግራቸው ላይ አይደለም፣ እግራቸውን የሚያዘው ጭንቅላታቸው ላይ ነው። እሱ ደግሞ ሥራውን እንደገና የሚለምደው እሳቸው ራሳቸው ሲሞክሩ ነው። እኔ ብጎትትላቸው የምለማመደው እኔ ነኝ።"

በሩ ከኋላዋ ሳይዘጋ እትዬ ጀመሩ። "ይቺ ናት ወጌሻ? አላሸች፣ አልጎተተች፣ አጥንቱን አንዴ እንኳ ቋ አላደረገች! መሣሪያ የላት፣ ምን የላት፤ የኛኑ ፎጣ፣ የኛኑ ወንበር! እሷ ቁጭ ብላ ታያለች፣ በሽተኛው ይለፋል። ሂጂ፣ ሞኝሽን ፈልጊ!"

በሌላ ቀን መጥታ "ጋሼ፣ ምን ማድረግ ቢችሉ ደስ ይልዎታል?" ብላ ጠየቀችው።

"መዳን ነዋ!" አሉ እትዬ። "ሌላ ምን ይፈልጋል?"

"እሳቸውን ነው የጠየቅኩት፣ እማማ።"

"እሱም እንደዚያው ነው የሚለው።"

ልጅቷ ውሃ ጠማኝ አለች። እትዬ ወደ ማድ ቤት ሲገቡ ልብስ ሰፊው ገና ባልተፍታታ ምላሱ፣ ቃል በቃል እየጎተተ፣ "ሽንት ቤት... ብቻዬን" አለ። ትንሽ ቆይቶ "በሩን ዘግቼ" ብሎ ጨመረ። እንባው መጣ። እሷ አልሳቀችም፣ አይዞዎትም አላለችም። "እሺ፣ የምንሠራው ለዚህ ነው" አለችው። ከዚያም ተኝቶ የመክረምን ጉዳት ሳታለሳልስ ነገረችው። ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ወገብ ይደርቃል፤ የማይንቀሳቀስ እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፣ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ደግሞ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ይገድላልም። ልብስ ሰፊው ነገር አይረሳም፤ ይሄንንም እንደ ልኬት ያዘው።

ይያዘው እንጂ፣ ባለሙያዋ በሄደች ቁጥር ቤቱ የእትዬ ነው። "ዛሬ ዓይንህ ደክሟል፣ ነገ ትሠራዋለህ" ይሉታል። ነገም ዓይኑ ይደክማል። እሱም ታላቅ እህቱን እምቢ ብሎ አያውቅም። ልጅቷ በሚቀጥለው ስትመጣ እግሩ ካቆመችበት ወደ ኋላ ተመልሷል። ቀደም ሲል ጠረጴዛ ይዞ ይቆም የነበረ ሰው አሁን ይብረከረካል።

"ማን ከለከልዎት?" አለችው። ኮርኒሱን አየ።

"እኔ ነኝ!" አሉ እትዬ። "አመመው፣ አሳረፍኩት። ሕመም እኮ 'ተው' ማለት ነው!"

"ሁሉም ሕመም 'ተው' አይልም፣ እማማ። ተኝቶ የከረመ ጡንቻ ሲነቃ ያማል። የሚያስፈራውን ለይቼ ነግሬያቸዋለሁ፤ እሱ ሲመጣ ራሳቸው ያቆማሉ።" አለችና አንድ ወንበር አንስታ ከግድግዳው አስጠጋች። "ከዛሬ ጀምሮ ልምምዱ ለሁለታችሁም ነው። እርስዎ እዚህ ይቀመጣሉ። ጋሼ ሲነሱ፣ እርስዎ አይነሱም።"

ልብስ ሰፊው ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። እትዬ አትነሳ ግን ነገሩ ቀልድ አልመሰላቸውም። ፍርድ ቤት እንደቀረበ ሰው ተቀመጡ፤ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። እሱ ጠረጴዛውን ይዞ ተነሳ። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። እሳቸው ብድግ! "እማማ!" ተቀመጡ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ብድግ። እንዲህ ሲባል ቆይቶ አንዴ ጠረጴዛውን ለቆ ሲወዛወዝ፣ ልጅቷ ከጎኑ ቀበቶውን ይዛው እያለች፣ እትዬ ቤቱን የሚሰነጥቅ ጩኸት ጮኹ። "አትነሳ! ትሞትብኛለህ!"

እትዬ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው አለቀሱ። ከዚያም ቀስ ብለው ስለ ሟች ባላቸው መናገር ጀመሩ።

"የኔም ሰውዬ እንዲህ ተነስቶ ነው የሞተው። እግሩ ተሰብሮ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እንደ እንቁላል ነው የያዝኩት፤ እግሩ መሬት አልነካም። አንድ ቀን እኔ ልገዛዛ ስወጣ ተነሳ። ስመለስ በሩ ሥር ወድቆ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ 'ደህና ነኝ፣ ትንሽ ልራመድ ብዬ ነው' አለኝ። አልመሸም፣ ሞተ።" ሻሻቸውን ከፊታቸው አነሱ። "ባይነሳ ኖሮ ይሄኔ አለ።"

"እግራቸው አብጦ ነበር?" አለች ባለሙያዋ በዝግታ።

"አንዱ ብቻ። አሽለት ነበር።"

ልጅቷ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ልብስ ሰፊው ፊቷን እያየ ነበር። የነገረችው ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አለው፤ የረጋ ደም፣ ሳንባ፣ ትንፋሽ። እሷ ግን ከእትዬ ፊት ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች። "እማማ፣ እኔ አጠገባቸው ነኝ። አልለቃቸውም" አለቻቸው። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

እትዬ ፊታቸውን ሊታጠቡ ሲሄዱ ልብስ ሰፊው "እሱ ነው? ያልሽኝ የረጋ ደም?" አላት።

"ሳላያቸው እንዴት ልናገር፣ ጋሼ? ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።"

"እንዳትነግሪያት።"

"በማላውቀው ነገር ሰው አላቆስልም" አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። እትዬ በወንበራቸው ላይ መቀመጥን ተማሩ። እየተነሱ፣ እየተቀመጡ፣ ከንፈራቸውን እየነከሱ ተማሩት፤ ከወንድማቸው ልምምድ የእሳቸው ቢከብድ እንጂ አይቀልም። ከተማሩ ወዲያ ደግሞ ማን ይቻላቸው! "ተነስ!" እያሉ ጎረቤቱን አስደነገጡ። "ፎጣውን ተጫን! ልጅቷ ያለችውን አልሰማህም? እኔ ልሥራልህ?" ጠያቂ ሲመጣ ቁጭ አድርገው ያስተምራሉ። "ማሸት ብቻ መሰላችሁ? ጭንቅላት ነው የሚለማመደው! ተኝቶ መክረም ደም ያረጋል፣ የረጋ ደም ትንፋሽ ይቆርጣል፣ ጉድ ነው ስላችሁ!" ይሄን ሲሉ ልብስ ሰፊው ወሬ ለመለወጥ ይስላል። ጎረቤት ግን ስማቸውን አልቀየረም፤ ስም አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።

ልብስ ሰፊው ያሰበው ቀን ደረሰ። ባለሙያዋ በቀደመው ጉብኝቷ "አሁን ይችላሉ" ብላው ነበር። ከምሳ በኋላ ምርኩዙን አነሳ፤ ለማንም አልተናገረም። እትዬ ከወንበራቸው ሆነው አዩት። ወዴት እንደሚሄድ ገባቸው። የወንበሩን ጠርዝ ግራና ቀኝ ጨብጠው ቀሩ። እሱ ግድግዳውን በአንድ እጁ እየዳሰሰ፣ ቀኝ እግሩን እያስከተለ ኮሪደሩን አለፈው። ገባ። በሩን ዘጋ። መቀርቀሪያውን ወረወረ።

ከዚያ ተቀመጠ። ማንም የለም። ደስ አለው፤ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ሰው በዚህ ነገር ደስ ሊለው ይችላል ብሎ አስቦም አያውቅም።

ጥቂት ቆይቶ የእግር ኮቴ መጣና ከበሩ ውጭ ቆመ።

"አለህ?"

"አለሁ፣ እትዬ።"

የሄዱ መሰለው። አልሄዱም።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። "ያኔ... ቀስ እያልኩ ባስነሳው ኖሮ... የኔ ሰውዬ ይተርፍ ነበር?"

ልብስ ሰፊው ግድግዳውን ያዘ። ማንም አልነገራቸውም። ለጠያቂ ሁሉ ሲያስተምሩ ከርመው ለራሳቸው ደርሷቸው ኖሯል። ፊት ለፊት ሊጠይቁት አልቻሉም፤ በሩ እስኪዘጋ ጠበቁ።

"የሱ ሌላ ነበር፣ እትዬ" አለ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"ጠይቄያታለሁ። ሌላ ነው ብላኛለች።"

ልብሳቸው በሩን እየታከከ ወደ ታች ሲንሸራተት ተሰማው፤ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ልቅሶ ሰማ፤ በሻሽ የታፈነ፣ ረጅም።

"ጨርሰሃል?" አሉት በመሐል፣ እንደ ምንም ድምፃቸውን አስተካክለው።

"አልጨረስኩም" አለ።

ከጨረሰ ቆይቷል። እሳቸው አልቅሰው እስኪጨርሱ ድረስ ግን መቀርቀሪያውን ሳይነካ ተቀመጠ።