መጽሐፍ ሊጽፉ የነበሩት አጎት

በየዘመዱ መካከል «መጽሐፍ ልጽፍ ነው» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ርዕሱ ተመርጧል፣ መታሰቢያነቱ ለማን እንደሚሆን ተወስኗል፤ የቀረው መጻፉ ብቻ ነው። በአንዲት ነርስ ቤተሰብ ይህን ማዕረግ የያዙት ታላቁ አጎቷ ነበሩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማውን የውሃ ፓምፖች ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ መካኒክ። ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ በጨዋታ መሃል «ቆይ፣ ይቺ ለመጽሐፌ ትሆናለች» ይሉና ስልካቸውን አውጥተው በአንድ ጣት ፊደል ይለቅማሉ።

ነርሷ የማስታወሻ መተግበሪያቸውን ከፍታ ብታይ አራት ሺህ ማስታወሻ ተከምሯል። «ሦስት ቁጥር ዛሬ አስነጠሰ» ይላል አንዱ። «ሚስማር» ይላል ሌላው፤ በቃ፣ ሚስማር። የእረፍት ቀኗን ሠውታ ማስታወሻውን ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ጋር አገናኘችላቸው፤ ከክምሩ እየፈለገ እንዲያወጣ፣ ሲታዘዝም እንዲጽፍ።

ረዳቱ ወዲያው አንድ ምዕራፍ አቀረበ። «ውሃ ሕይወት ነው» ብሎ ይጀምራል። ክቡር ደራሲው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ ሰውዬ ፓምፕ ፈትቶ አያውቅም» አሉ።

ነርሷ ነገሩ እዚያው ያበቃ መስሏት አዘነች። እሳቸው ግን እንደ አዲስ ተቀጣሪ ሥራ ደለደሉለት፦ አትጽፍም፤ ስለ ሦስት ቁጥር ፓምፕ ያልኩትን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል ደርድር፤ ያልገባህን ጠይቅ። ጠየቀ። ሚስማሩ ምንድን ነው? አጎቷ ስልካቸውን አነሱ። አንድ ጊዜ የፓምፑ ማያያዣ ፒን ተሰብሮ፣ መለዋወጫው እስኪመጣ በሚስማር ይዘውት የከተማው ሆስፒታል ሁለት ቀን ውሃ ሳይቋረጥበት እንዳለፈ፣ እሳቸውም ከፓምፑ ጎን ንቅንቅ እንዳላሉ፣ በዚያችው በአንድ ጣታቸው ጻፉ። ነርሷ ያን ጊዜ ገና ተማሪ ነበረች፤ ታሪኩን ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም። እንዲህ እየተጠየቁ፣ እየጻፉ፣ ከረዳቱም ጋር እየተጨቃጨቁ በሰባት ወር ስልሳ ገጽ ሞላ።

መጽሐፉ ከታተመ በኋላ አንድ ቅጂ አጎቷ ይሠሩበት ለነበረው ፓምፕ ጣቢያ ተሰጠ፤ ቆይቶ ነርሷ ተጨማሪ ቅጂ ይዛ ወደዚያው ሄደች። የፊተኛው መጽሐፍ ከማሽኑ አጠገብ በሽቦ ተንጠልጥሏል። ተረኛው መካኒክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ይሄኛው በየጥገናው በግራሶ እጅ እየተገለጠ ከመቆሸሹ የተነሳ አልነበብ ብሎናል፣ እንኳን አመጣሽልን አላት።

ተመልሳ ነገረቻቸው።

«የቱ ገጽ ነው የቆሸሸው?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ሁሉም፣ ጋሼ።»

በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ መጽሐፉ በግራሶ መበላሸቱን ሰማ። ግማሹን ያዳረሱት እሳቸው ናቸው፤ የቀረውን እሷ።