ሰባቱ እልልታና አንዱ ሹራብ

ሹራብ የሚሠራ ሰው ሁሉ ውሸታም ነው። ልብስ ሰፊ እንኳ «ነገ ና» ሲል ትንሽ ያፍራል። እኛ ግን ዓይናችንን በጨው ታጥበን «ይኸው ሊያልቅ ነው፣ አንገቱ ብቻ ቀርቶኛል» እንላለን። ክሩ ገና ከሱቅ አልወጣም።

«እኛ» ስል ቅንድባችሁ ከፍ አለ አይደል? አዎ፣ ወንድ ነኝ፣ አርባዎቹን አጋምሻለሁ፣ ሹራብም እሠራለሁ። ያስተማረችኝ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ እጄ ሥራ ሲፈታ መስኮት ስለምሰብርባት ሁለት መርፌ አስጨብጣኝ ተገላገለች። አራዳ ውስጥ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ክር የሚያጠላልፍ ጎልማሳ ምን ምን እንደሚባል አልነግራችሁም... ለምጄዋለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከጊዮርጊስ ወደ እሪ በከንቱ በሚወስደው በኩል ባለው ግቢያችን፣ ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ሰብለ ትባላለች። አምና ታይፎይድ ጥሎኝ ሲከርም ጠዋት ማታ አጥሚት ይዛ በሬን የምታንኳኳው እሷ ነበረች። ምን ላድርግላት እያልኩ ስብሰለሰል ማርገዟን ሰማሁና «የልጅሽን የክርስትና ሹራብ የምሠራው እኔ ነኝ» አልኳት። ሰብለ እንባ አቀረረች። እኔም አቀረርኩ። ቃል ሲገባ እንዲህ ደስ ይላል፤ ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው።

የወለደችው ረቡዕ አመሻሽ ላይ ነበር። ቤቴ ቁጭ ብዬ ቀለበት እቆጥራለሁ። (ፒያሳ ስለሆንን የወርቁ እንዳይመስላችሁ፤ መርፌው ላይ ያለውን የክር ቀለበት ነው።) ከሆስፒታል ስልክ ተደወለ መሰለኝ፣ የሰብለ እናት እማማ ብርቄ ከግድግዳው ወዲያ እልልታውን አቀለጡት። መቼም ታውቃላችሁ፣ በእኛ ግቢ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው። ጆሮዬን ቀሰርኩ። አንድ... ሁለት... ሦስት... እዚህ ላይ የመንገድ ሥራው ማሽን አስፋልቱን መቦርቦር ጀመረ። ማሽኑ ሲያባራ እልልታውም አባርቷል።

«ሴት ናት» አልኩ ለራሴ። «ሴት ደግሞ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ወንድ ቢሆን በአርባ ቀን ያፋጥጠኝ ነበር። ተመስገን።»

አራስ ቤት ወንድ ዘው አይልም። ደጃፉ ላይ ቆሜ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ፣ የገንፎ ድርሻዬን ተቀብዬ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ በግድግዳው የምሰማው «እንግዳ አለ፣ በሩን ዝጉ፣ ብርድ እንዳይገባ» የሚለውን ብቻ ነው። ወቅቱ ደግሞ የትምህርት ቤት ምዝገባ ነው፣ እኔም መዝጋቢ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከወላጅ ጋር ስሟገት ውዬ በቀን ሁለት መስመር ብቻ እሠራለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በአንድ ወር ጀርባው አለቀ።

ፍልሰታ ተፈታ። ሐሙስ ከሥራ ስመለስ እማማ ብርቄን ሁለት ዶሮ አንጠልጥለው የግቢው በር ላይ አገኘኋቸው።

«እሑድ እንዳትጠፋ» አሉኝ።

«እሑድ ምን አለ?»

«ክርስትናው ነዋ።»

«እንዴ እማማ፣ ሰማንያው መቼ ደረሰ?»

«የምን ሰማንያ? ልጁ ወንድ አይደል እንዴ?»

ክው አልኩ። «ሦስት ጊዜ ነው እልል ያሉት፤ በጆሮዬ ቆጥሬያለሁ።»

«ሰባት ነው ያልኩት፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ! አራቱን ጅብ በላቸው?»

«ማሽኑ ነዋ የበላቸው!» አልኩ፤ የመንገድ ሥራው ትዝ ብሎኝ።

ዶሮዎቹ እንኳ ቁልቁል እንደተንጠለጠሉ በሀዘኔታ አዩኝ። እንቁላሉ በእግሩ መሄዱን ትቶ ሊሮጥ ነው... የቀረኝ ፊቱ፣ ሁለት እጅጌና አንገቱ፤ ያለኝ ሦስት ቀን የማይሞላ ጊዜ። ሰብለ አንድም ቀን «የት ደረሰ?» ብላ አልጠየቀችኝም፤ ይበልጥ የቆጠቆጠኝ እሱ ነው። ያን ሁሉ አጥሚት ጠጥቼ ባዶ እጄን ፊቷ ከምቆም ግቢውን ብለቅ ይሻለኛል።

ዓርብ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ መርፌዬን አወጣሁ። ከኋላዬ ደብተርና የደንብ ልብስ የታጨቀበት ፌስታል የያዘች ሴትዮ ትንሽ ታገሠችና «ወንድሜ፣ ሦስት ቀለበት አምልጦሃል» አለችኝ። ፌስታሉን አሸክማኝ መርፌውን ተቀበለችኝ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እኔ እመራታለሁ፣ እሷ ዓይኗን ሳታነሳ ትሠራለች። ታክሲ ውስጥም አላቆመችም፤ ያስረከበችኝ መውረጃዋን አንድ ፌርማታ አልፋ ነው። «ለክርስትና አይደል» ብላ በእግሯ ተመለሰች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

ፊቱን በምሳ ሰዓቴ ጨረስኩና ከሥራ ስወጣ ወደ እትዬ ዘሃራ ሮጥኩ። ወሎዬ ናቸው፤ ውቤ በረሃ ጫፍ ላይ ክር ሲሸጡ ነው ዕድሜያቸውን የፈጁት። ጀርባውን ዘርግተው አዩትና «አብሽር» አሉኝ። «ግራ እጅጌውንና አንገቱን እኔ፣ ቀኙን አንተ። ቅዳሜ ከአስር ሰላት በኋላ ና።»

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ሃምሳው ሰው ስለ ልኩ መነጋገር አለበት። እትዬ ዘሃራ የሠሩት በጀርባው ልክ ነው፤ ጀርባው ደግሞ የታሰበው ለሰማንያ ቀን ልጅ ነው። እኔ በድንጋጤ «አርባ የሰማንያ ግማሽ አይደል?» ብዬ ቀኝ እጅጌውን በግማሽ አሳጠርኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቅዳሜ ስገጣጥመው አላየሁም ብዬ አልዋሻችሁም። «ሕፃን መቼ እጁን ይዘረጋል?» ብዬ አጣጥፌ በጋዜጣ ጠቀለልኩት።

እሑድ ልጁ ተጠምቆ እየተንቀጠቀጠ ሲያለቅስ ሰብለ ሹራቡን አለበሰችው። ቀኙ ክርኑ ላይ አለቀ። ግራው ከጣቱ አልፎ ተንጠለጠለ። ልጁ ግን ዝም አለ፤ ረጅሙን እጅጌ አፉ ውስጥ ከቶ መጥባት ጀመረ። ሰብለ ቀና ብላ አየችኝ።

ከዚያ ሳቋ አመለጣት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችና «ሞቀው እኮ ጋሼ፣ ዝም አለልኝ» አለችኝ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አገባችሁ?

እማማ ብርቄ ግን በቁም ነገር እጅጌዎቹን በስንዝር ለኩ። «ልክ ነው» አሉ። «አንዱ ለአርባ፣ አንዱ ለሰማንያ። የሚቀጥለው ሴት ብትሆን አንድ እጅጌዋ ከወዲሁ አልቋል።»

ሰብለ ሳቋን አቆመች።

«በል አንተ» አሉኝ እማማ ብርቄ ወደ እኔ ዞረው፣ «እዚህ ማሽን የለም። ቁጠር።» እልልታውን ለቀቁት።

ጣቶቼን አንድ በአንድ እያጠፍኩ ቆጠርኩ። ሰባት ነው፤ ይቺን እንኳ አልዋሽም።