የጋሽ መለሰ ጠፍጣፋ በር

እሱ ሳይጠየቅ የተሠራው ነገር ሁሉ ስህተት የሚመስለው ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ለአዋሽ የደረሳት ባትላሜራው ጋሽ መለሰ ናቸው።

ክቡርነታቸው ዕድሜ ልካቸውን የተጨማደደ የመኪና አካል በመዶሻ ሲያቃኑ ኖረዋል፤ በፋብሪካ ሰዎች ላይ የያዙት ቂም ታዲያ አይጣል ነው። መንገድ ዳር ቆመው በየመኪናው በር ላይ የተሰመረውን እጥፋት እያሳዩ፣ "ይሄ እጥፋት ለማን ነው?" ይላሉ። ከዚያ ትምህርቱ ይከተላል፤ ላሜራው እንዲታጠፍ ፎርማ ይሠራል፣ ፎርማው ገንዘብ ይበላል፣ ያ ሁሉ ወጪ ዞሮ ገዢው አናት ላይ ይወጣል። በሩ ጠፍጣፋ ቢሆን ደሃም መኪና በነዳ ነበር። አንዴ የሰርግ መኪና አስቁመው ይህንኑ ለሙሽራው ሲያስረዱ ሙሽሪት በሙቀቱ ተዝለፍልፋ ልትወድቅ ነበር።

የሚሰማቸው ግን እየጠፋ ነው። ዛሬ የተጎዳ በር ይጣልና ሌላ ይገጠማል እንጂ ማን ያስቀጠቅጣል? ጋራዡ ውስጥ ከሳቸውና ከሙቀቱ በቀር የሚውል የለም።

የሚኒባስ ሾፌሩ ስዩም ወደሳቸው የሄደው ቸግሮት ነው። ከአዋሽ ገዋኔ የሚሠራባትን ሚኒባስ በር አንድ ተሳቢ ጨምድዶት አለፈ፤ ሌላ በር መግዣ ደግሞ የለውም። ጋሽ መለሰ ዓይናቸው በራ። ዕድሜ ልካቸውን የለፈፉለትን በር ሠሩለት፤ ልሙጥ፣ እጥፋት የሚባል ያልነካው። ስዩም ሲያየው ሆዱ ቢከፋም አመስግኖ ሄደ።

ጉዱ መንገድ ላይ ወጣ። መኪናዋ ፍጥነት ስትጨምር በሩ እንደ ባዶ በርሜል ይደልቃል። የተኛ ይባንናል፣ ሕፃን ያለቅሳል። የዘወትር ደንበኛው ዘይቱና፣ የገዋኔ ነጋዴ፣ ራሷን ይዛ ወረደችና ወላሂ ሁለተኛ እዚህ ውስጥ አልገባም አለችው። ሌላውም ተሳፋሪ ቀስ በቀስ ሸሸ። ስዩም ቤተሰቡን በምን ሊያኖር ነው?

ደሙ ፈልቶ ተመለሰ። ጋሽ መለሰ መዳፋቸውን አሳርፈው በሩን ሲጫኑት ላሜራው ወደ ውስጥ ሰርጎ ቧ ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወደ ሾፌሩ በር ዞረው የፋብሪካውን እጥፋት ተጫኑት። ያኛው ንቅንቅ አላለም።

"ለካ ላሜራውን ደግፎ የያዘው እሱ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ስንት ዘመን ሰደብኳቸው። አሁን እኔ እጥፋቱን ላውጣ ብል ደግሞ ክንዴ አይታዘዝልኝም።"

መዶሻቸውን መሬት አስቀምጠው በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። ስዩም አፋቸውን የሚያስይዝለት አጥቶ ስንቴ ተማሯል፤ ዝምታቸውን ግን አልቻለውም። ሊጮህ የመጣው ሰውዬ ጎንበስ አለላቸው።

"ኧረ ጋሽ መለሰ፣ በሩ ምንም አልሆነ" አለ። "የሚደልቀው የገዋኔ ንፋስ ነው።"

ቀና ብለው ብዙ አዩት። ያመኑት አይመስልም።

"እሱስ ልክ ነህ" አሉ በመጨረሻ። "ንፋሱም ቢሆን በደንብ አልተሠራም።"

ስዩም ባዶዋን መኪና እያስደለቀ ወደ መናኸሪያው ሄደ።